በሌላ ስም የዳነ ሳንባ

«አልሄድም አልኩ እኮ፣ አባ! ክሊኒክ ስም ይጠይቃሉ።»

«ዳንኤል እንልህ የለ? ያንኑ ንገራቸው።»

«እኔም እዚሁ ክፍል ልጅ ይዤ ነው የምተኛው» አለች እትዬ ዘነበች፣ ሕፃኑን ወደ ደረቷ እየሳበች። «ገጣሚው፣ ሳልህ ከግጥምህ ይልቅ ቤት ይመታል።»

እጄ ላይ መሐረብ ነበር። መሐረቡ ላይ ደም።

ሕመሜን ሁለት ወር «ጉንፋን ነው» እያልኩ ደብቄዋለሁ። በአገሬ በተነሳው ጦርነት፣ ወገኔን የሚናገረው ስሜ ብቻ ወንጀል ሆኖብኝ ነው ጅቡቲ የገባሁት። የካቶሊኩ ቄስ አባ ቶማስ እንደ እኔ የሚታደኑ ሰባት ሰዎችን ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ ሸሽገው ነበር። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ማንም በእውነተኛ ስሙ አይጠራም፣ ክፍሉ ውስጥም ቢሆን። መታመሜን ካወቁ የሚያስወጡኝ መስሎኝ ነበር።

ቡላኦስ ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ሄጄ አክታ ሰጠሁ። ለውጤቱ በቀጠሮዬ ተመልሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ነርሷ «ዳንኤል! ዳንኤል!» አለች። ማን ይሆን ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ወረፋው አለቀ። አልተጠራሁም ብዬ ወደ ክፍላችን ተመለስኩ።

ሁለት ሳምንት ሕፃኑ አጠገብ ሳልኩ።

የውጤቱን ወረቀት አባ ራሳቸው ሄደው አመጡት። ቲቢ። ሕፃኑም ተመረመረ። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

«ልጁ ነጻ ነው፤ መከላከያ ይወስዳል» አለ ሐኪሙ። ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ስድስት ወር። አንድ ቀን እንዳታቋርጥ።»

አባ አላስወጡኝም። የራሳቸውን ክፍል ለቀቁልኝ። ሽንቴ ሲቀላ ሞትኩ አልኩ፤ ለካ ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ቀለም ነው። እናንተም አትደንግጡ።

በሦስተኛው ወር ምግብ መጣፈጥ ሲጀምርልኝ፣ እስከ አርሂባ ሰፈር በእግሬ እየሄድኩ የወደቡን ክሬኖች ሳይ፣ እናቴ እንደ ልጅነቴ ከግቢው ማዶ ስሜን እያስረዘመች ስትጠራኝ በሐሳቤ ይሰማኝ ነበር፤ ከዳቦም ከጤናም ይልቅ የተራብኩት ያንን ነበር።

የምትስሉ ሰዎች፣ አትደብቁ። በሌላ ስም የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ስሙ ሲጠራ ዞር እስክትሉ ድረስ ተለማመዱት። እትዬ ዘነበች ሕፃኑን መልሳ ስላሳቀፈችኝ ዕድሜ ይስጣት።

የመጨረሻውን ክኒን በዋጥኩበት ጠዋት አባ ገቡ። መስኮቱን ዘጉ። ከዚያ ቀስ ብለው በእውነተኛ ስሜ ጠሩኝ።

«አቤት» አልኩ።

አባ ትከሻዬን ነክተው ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።