ከባልዲው አጠገብ

ሊወስዱኝ ሲመጡ ልጄን እያጠባሁ ነበር። ወንድሜን ፈልገው ሲያጡት፣ «እስኪመጣ አንቺ ትቆያለሽ» አሉኝ። ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ደረቴን እንኳ በቅጡ ሳልሸፍን ወጣሁ።

የቀበሌው እስር ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ገና በሩ ሲከፈት ሽታው ፊቴን መታኝ። በሩ ጥግ ለሽንት የተቀመጠ ባልዲ አለ። አዲስ የገባች ከሱ አጠገብ ትተኛለች፤ ሌላ ስትመጣ ትነሳለች። ሕጉ ይኸው ነው።

እኔም ተኛሁ። ጡቴ ግን ልጄ የለችም ብሎ አያቆምም፣ ይፈሳል። ወተቱ ቀሚሴ ላይ ኮመጠጠ። ካቦ የምንላት የክፍሉ አለቃ፣ ጠጅ ሻጭ የነበረች፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እርጎ ልታወጪልን ነው?» ስትለኝ ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ተማሪ ደግፈው አስገቡ። እግሯ ከግርፋት አብጦ መርገጥ አቅቷታል። ተመስገን፣ ተራዬ አለቀ አልኩ በልቤ። ካቦዋ ግን እግሯን አይታ፣ «ይቺስ ወዲያ ትግባ። ባለወተቷ እዚያው ትቆይ፤ ሽታውን አንድ ላይ እናድርገው» አለች።

ልጅቷ እየዳኸች አጠገቤ መጣች።

«አራስ ነሽ እንዴ፣ እትዬ?»

«ስድስት ወር ሆናት።»

አንገቴ ስር ገብታ አሸተተችኝ። «ይሄ እኮ የሕፃን ሽታ ነው» አለች ለሁሉም እንዲሰማ። «አዲስ የገባሁት እኔ ነኝ። እትዬ ትነሳ።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ተነሳሁና ወዲያ ማዶ ካለችው ትንሽ መስኮት ስር ሄድኩ። አየሩ ጣፈጠኝ።

ጠዋት ባልዲውን የምትደፋው አጠገቡ የተኛችው ናት። ግድግዳ ይዛ ስትነሳ አየኋት። ያኔ ነው እግሬ የተንቀሳቀሰው። ባልዲውን ከእጇ ወሰድኩ። «ቁጭ በይ፣ ይሄን እንኳ ተዪልኝ» አልኳት። ደፍቼ ስመለስ ነጠላዬን ቀድጄ እግሯን ጠቀለልኩላት። ወተት የደረቀበት ነው፤ ሌላ የለኝም።

«አሁን እኔም ሸተትኩ» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ጠሯት። በዚያው ጨርቅ እያነከሰች ወጣች፤ አልተመለሰችም። እኔን ለቀቁኝ።

ያቺ ሕፃን ዛሬ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ክሪስታል በሚባል ቦታ ቤት ይዛ የማታ ሺፍት ትሠራለች፣ ልጇን እኔ እጠብቃለሁ። በቀደም የልጅ ልጄ የወተቱን ካርቶን ከፍሪጅ አውጥታ፣ አፍንጫዋን ይዛ «አያዬ፣ ኢት ስቲንክስ!» አለች። ይገማል ማለቷ ነው። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ቲቸር ነገረችን፣ ቃሉ ድሮ ባድ አልነበረም፣ ይሸታል ማለት ብቻ ነበር። አበባም ስቲንክ ያደርግ ነበር» አለችኝ።

«ሽቶም?»

«ኤኒቲንግ!»

«ታዲያ ማን አበላሸው?»

«ኖባዲ፣ አያዬ። ሰው ለመጥፎ ብቻ ሲለው፣ ሲለው፣ በዚያው ቀረ።»

ካርቶኑን ተቀብያት ማጠቢያው ጋ ቆምኩ። አፍንጫዬን አስጠግቼ ቆየሁ።

«ግሮስ! ድፊው እንጂ!»

«እሺ፣ ቆይ» አልኳት። ወተቱማ ምንም አላለኝ። እኔን እስከ ዛሬ የሚከረፋኝ ያ መስኮቱ ስር ያገኘሁት ንጹሕ አየር ነው።