ያልወረደችው ጠጠር

ካዛንቺስ የነበረው የልጅነት ግቢያችን ሲፈርስ ለማየት ሄጄ ነበር። ቆርቆሮው ሲነቀል የዝገትና የአሮጌ አቧራ ሽታ መጣ፤ ወዲያው የታላቅ እህቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፦ «ቀልቢልኝ።»

እህቴ ልቧን ያማት ነበር። ሩጫና ገመድ ዝላይ ስለተከለከለች የቀራት ጨዋታ ቅልብሞሽ ብቻ ነው፤ አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ፣ መሬት ያሉትን አፍሶ፣ የተወረወረችውን ሳትወድቅ መቅለብ። በዚህስ የሚስተካከላት አልነበረም። እናታችን በአጠገባችን ስታልፍ፣ «ጠጠር ስትቀልቢ ዋልሽ፤ አንቺን ማን ይቀልብሽ?» ትላታለች። እህቴ ትስቃለች። ስትስቅ ከንፈሯ ይጠቁር ነበር።

መወርወሪያዋ ነጭ፣ ለስላሳ ጠጠር ነበረች። ፊዚክስ የተማረች ሰሞን ከጨዋታው ይልቅ የጠጠሯ አወጣጥ ያስገርማት ጀመር።

«እዪያት፤ ስትወጣ እየደከማት ነው የምትሄደው። ጫፍ ላይ ስትደርስ ቀጥ ትላለች፤ ማለቴ፣ ለቅጽበት። ከዚያ ትመለሳለች።»

«እዚያው ብትቀርስ?» አልኳት።

«አስተማሪያችን የወጣ ሁሉ ይወርዳል ብሏል፤ በቃ።»

ለሕክምና የሄደች ጠዋት ላዳ ታክሲ በር ላይ ቆማ ነበር። እናቴ ፎጣና ፔርሙዝ ይዛ ቀድማ ገባች። እህቴ ግን መሐል ግቢ ቆማ ነጯን ጠጠር አወጣችና፣ «ቀልቢልኝ» ብላ ባላት አቅም ወደ ላይ ወረወረቻት። ፀሐዩ ዐይኔን ወጋኝ። እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ጠጠሯ እጄ ላይ አላረፈችም፤ ቆርቆሮው ላይ ስታርፍም አልሰማሁም።

«ቆማለች ማለት ነው» አለች እህቴ፣ ትንፋሽ እያጠራት። «እስክመጣ ጠብቂያት።»

አልመጣችም። ጎረቤቶች የለቅሶውን ድንኳን ሲተክሉ፣ ሰማዩን አትሸፍኑብኝ ብዬ ጮህኩ። ሐዘን መስሏቸው አባበሉኝ።

ግቢው በፈረሰ ቀን ሠራተኞቹ አሸንዳውን ሲገለብጡት ሮጬ ደረስኩ። የበሰበሰ ቅጠል፣ የተነፈሰች ኳስ፣ ጥቁር ጭቃ። በጣቴ በተንኩት።

«እናት፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ አንዱ።

«ጠጠር።»

ዙሪያውን የተከመረውን ፍርስራሽ አየና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ነጭ ጠጠር አልነበረም። ደስ አለኝ፤ ደስታዬም አስፈራኝ። ትልቅ ሰው ነኝ እኮ፤ የወጣ ሁሉ እንደሚወርድ አውቃለሁ። አሁን ግቢያችን በነበረበት ላይ ሰፊ መንገድ አለ፤ ሰማዩን የሚሸፍን ጣሪያ የለም። ከመስቀል አደባባይ ወደዚያ ስወጣ ቀና ላለማለት እታገላለሁ። እጄ ግን ብነግረውም አይሰማኝም፤ በራሱ ጊዜ ይዘረጋል።