በቅድሚያ የተከፈለ ቅጣት

ሀብተወልድ ወደ ቦንጋ ጫካ ሎጅ ለመሄድ ስምንት ወር ሙሉ በጀት ሲያወጣ በቡራዩ ሰፈራችን ያልሰማ ሰው የለም። ለካ ጦጣ ለማየትም በጀት ይወጣል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኩን ከፍቶ ያነብልን ነበር፤ የሦስት ሌሊት አልጋ ከነምግቡ፣ የጫካ መግቢያ፣ የአስጎብኚ፣ የመኪና፣ የዝናብ ልብስ። ሳንቲም ሳይቀር ይዟል። አንድ ቀን ሻይ ጋብዞን ግን አያውቅም። ሰው መሳይ በሸንጎ ማለት እሱ ነው።

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። አንድ እሁድ ከስብሰባ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት መቶ ብር አስቀመጠ።

«የምን ነው?» አልኩት።

«የቅጣት። ከሐሙስ እስከ እሁድ የለሁም። በመሃል ሰው ቢሞት ከቀብር በመቅረቴ መቀጣቴ አይቀርም። በጀቴ ውስጥ ስለያዝኩት አሁኑኑ ልክፈል ብዬ ነው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ደረሰኝ ስቆርጥ ገና ላልሞተ ሰው ቅጣት የከፈለ አይቼ አላውቅም። ይባስ ያስጠላኝ ደግሞ ማን ሊሞት እንደሚችል አሳምሮ ማወቁ ነው። ጎረቤቱ ኦቦ ኩምሳ አልጋ ከያዙ ወር አልፏቸው ነበር። ሀብተወልድ አዲስ አበባን ለቆ ሲመጣ፣ ቤቱ ውኃ እስኪገባለት ድረስ ሁለት ዓመት ከጉድጓዳቸው በነፃ ያስቀዱት እሳቸው ናቸው። ብሩን ፊቱ ላይ መወርወር ነበረብኝ። ደረሰኝ ቆረጥኩለት።

ኦቦ ኩምሳ ዓርብ ጠዋት አረፉ። ስደውልለት ከጀርባው ጉሬዛ ይጮኻል።

«ነፍስ ይማር» አለ። ቀጥሎም «የከፈልኩት አለ አይደል?» ሲል ጠየቀኝ።

«አለ።»

«እንግዲያው መዝግብልኝ። የዚህ የሎጁ ክፍያ እንደሆነ አይመለስም።»

ሲመጣ የጉሬዛ ፎቶ በየሱቁ እየዞረ አሳየ። ከበጀቱ ሦስት መቶ ብር እንደተረፈውም ነገረን። የኦቦ ኩምሳ ባለቤት አዴ ገለቴ ዘንድ ለቅሶ የደረሰው በሳምንቱ ነው፤ ዐሥር ደቂቃ ተቀምጦ ወጣ። እኔ ከዚያ ወዲህ ሰላምታውንም እየተጠየፍኩ ነበር የምመልሰው።

በአራተኛው ወር ለሕክምና እሱ ዘንድ የመጡት እናቱ ሞቱ። በቀብሩ ዕለት ማለዳ የእድሩ አባላት አንድ በአንድ ቤቴ መጡ። ማንም ከማንም አልተመካከረም፤ ሁሉም ግን ሁለት መቶ ብር ይዞ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ደረሰኝ ቆረጥኩ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። የእጁን አገኘ አልኩ።

ረፋዱ ላይ የአስከሬኑ ሳጥን በደጄ አለፈ። ዘመዶቹ ከጎጃም ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ሁለቱን ጥግ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይዘዋል። ሦስተኛውን ራሱ ሀብተወልድ ነው የያዘው፤ እንባው አገጩ ላይ ይወርዳል፣ የሚጠርግበት እጅ የለውም። ልጅ የእናቱን ሳጥን ሸክም የሚቀበለው አጥቶ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አራተኛውን ጥግ የያዙት አዴ ገለቴ ነበሩ። ለባላቸው የለበሱትን ጥቁር ገና አላወለቁም።

በበሬ ስንጥቅ እያየሁ ነበር፤ የደረሰኝ ጥራዙ በእጄ ነው። የዚያ ማለዳ የመጀመሪያው ደረሰኝ የተቆረጠው በእኔ ስም ነው።