ሹፌሩን ሰላም በይልኝ

እናቴ ትናንት በረረች። እኔ አሁን ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ። እዚህ ገና እየነጋ ነው። እዚያ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። እናቴ ሻንጣዋን እየጎተተች፣ በማታውቀው ከተማና በማትሰማው ቋንቋ መሐል፣ ብቻዋን እህቷ ቤት መድረስ አለባት። አክስቴ ጽጌ ዳሌዋን ኦፕሬሽን ከሆነች ወዲህ ደረጃ መውረድ ስለማትችል ኤርፖርት ሄዳ ልትቀበላት አልቻለችም።

መንገዱን ለእናቴ ያስተማራት ታላቅ ወንድሜ ኤርምያስ ነው። ኤርሚ ሊዮንን ረግጧት አያውቅም። አሁን በሕይወት የለም። ስልኩ እስኪጮህ ድረስ፣ መንገዱን ያስተማረበትን እሁድ ልጻፈው ብዬ ነው። መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ ከሃይስኩል በላይ አልተማርኩም፤ ስናገርም ቃል ይጠፋብኛል። በቤታችን ተናጋሪው ኤርሚ ነበር።

መጋቢት ነበር፣ ዐቢይ ጾም። የዴንቨር መጋቢት አይታመንም። ጠዋት ፀሐይ ይወጣል፣ ቀትር ላይ በረዶ ይጥላል፣ ማታ ሁሉም ጭቃ ይሆናል። ያን እሁድ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ተራሮቹ አናታቸው ነጭ ሆኖ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ኮት የሚያስወልቅ ሙቀት ነበር።

ኤርሚ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። በዕረፍት ሰዓቱ ሌሎቹ ሲጋራ ሊያጨሱ ሲወጡ እሱ ስልኩ ላይ የመንገድ ፎቶ የሚያሳየውን ካርታ ከፍቶ ሊዮን ውስጥ በጣቱ ይሄዳል። ከትልቁ ባቡር ጣቢያ እስከ አክስቴ በር ድረስ ስንት ጊዜ እንደሄደ እንጃ። አንድ ቀን ደውሎ «አክስቴ፣ ከቤትሽ ሥር ያለው ዳቦ ቤት በሩ ቀይ ነው፣ አይደል?» አላት።

«አረንጓዴ ከቀቡት ቆዩ እኮ» አለች።

«እንግዲያው ካርታው አርጅቷል» ብሎ በጣም አዘነ። ቤቱን የሸጡበት ይመስል ነበር።

እናቴና አክስቴ የተለያዩት እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። አክስቴ ታናሽ ናት፤ እናቴ ናት አዝላ ያሳደገቻት። እናቴ ልታያት የምትሄድበት ትኬት ከፋሲካ በኋላ ላለው ሳምንት ተቆርጦ ነበር። የቀረው መንገዱን ማወቅ ነው። እናቴ የፈረንጅ ፊደል እንደ ልቧ ስለማታነብ ኤርሚ በቀለም ከፋፈለላት። ከኤርፖርት ቀዩ ትራም። ከዚያ መሬት ውስጥ ሰማያዊው ባቡር። ከዚያ አረንጓዴው። በመጨረሻ ኮረብታው ላይ በገመድ የሚጎተተው ትንሹ።

«ይህ ነገር ቤት ቁጭ ብሎ አይጠናም፤ ልምምድ ይፈልጋል» አለ። ከቅዳሴ በኋላ እናቴንና እኔን ኢስት ኮልፋክስ ላይ ወዳለው የአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ፌርማታ ወሰደን።

«አሁን ሊዮን ነን» አለ። «ይኼ የሚመጣው ሰማያዊው ባቡር ነው።»

«ሰማያዊ አይደለም እኮ» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ቄሱንም እንዲህ ትከራከሪያቸዋለሽ?»

«አንተ ደሞ ያላየኸውን አገር አታስተምረኝ።»

«መንግሥተ ሰማያትንስ አይተሽው ነው በየቀኑ የምትነግሪን?»

«አፍህን!» አለችው። ግን ሳቀች።

ስንሳፈር በፈረንሳይኛ ይቅርታ ለማለት «ፓርዶን» ማለት ነበረባት። ሹፌሯ ጥፍሯን አስረዝማ የቀባች ወፍራም ሴትዮ ነበረች። «ምን አለችኝ?» ብላ እኛን አየች። ኤርሚ በእንግሊዝኛ «ፈረንሳይ ልትሄድ ነው፤ እየተለማመደች ነው» አላት። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ቦንዡር፣ ማማ!» አለች። ውሻውን በሕፃን ጋሪ ይዞ ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬም «ቦንዡር!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ለሁለቱም ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። አሥራ አምስት ቁጥር ላይ እንደዚያ ያለ ጨዋታ ሲደራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፓርክ ሂል ስንደርስ አስወረደን። «እዚህ ሰማያዊውን ትተሽ አረንጓዴውን ትይዣለሽ» አለ። ቆመን ሌላ አሥራ አምስት ቁጥር ጠበቅንና ተሳፈርን። ኮሎራዶ ቡሌቫርድን ስናቋርጥ «ራስሽ ላይ ትልቅ ወንዝ አለ» አላት። ቀና ብላ የአውቶቡሱን ጣሪያ አየች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ሁለተኛው ወንዝ። ከዚህ በኋላ ባለው ጣቢያ ትወርጃለሽ» አለ። ባለ ሁለት ግንቡን ካቴድራል ስናልፍ እናቴ አማተበች።

«ሊዮን ኮረብታው ላይ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለ» አላት። «እሱ ባለ አራት ግንብ ነው። ከታች ሲያዩት የከተማው ሰዎች የተገለበጠ ዝሆን ይሉታል።»

«የእመቤቴን ቤት ዝሆን? እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው!»

«ጠፋሁ ብለሽ ካሰብሽ ቀና ብለሽ ዝሆኑን ፈልጊ። የአክስቴ ቤት እዚያው ኮረብታ ላይ ነው።»

ወርቃማው ጉልላት ያለው የመንግሥት ሕንፃ ፊት ሣሩ ላይ ተቀምጠን በላን። እናቴ ሱፍ ፍትፍት በፕላስቲክ ዕቃ ይዛ ነበር። ቃሪያው ያቃጥላል፣ ሱፉ ቀዝቃዛ ነው። እየበላን እናቴ «ለማንኛውም ግራ ከገባኝ ሹፌሩን እጠይቃለሁ» አለች።

ኤርሚ አፉ ሙሉ እንደሆነ «ሹፌር የላቸውም» አላት።

እጇ ቆመ። «ምን ማለት ነው?»

«ባቡሮቹ ራሳቸው ነው የሚሄዱት።»

«ሰው ያልያዘው ነገር? መሬት ውስጥ? ወንዝ ሥር?» የዕቃውን ክዳን ገጠመችው። «ልጄ፣ ለጽጌ ብዬ ብዙ ነገር እችላለሁ። ይህን ግን አልችልም። ትኬቱን መልሰው።»

ቀልድ አልነበረም። እናቴ አልችልም ካለች አትችልም። ኤርሚ ፊቱ ልውጥ አለ። ያ ሁሉ በጣቱ የሄደበት መንገድ እዚያ ሣር ላይ ሊቀር ነው።

«እኛ ኤርፖርት ያለው ባቡር እንኳ ሹፌር አለው» አለች እናቴ። ዴንቨር ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች፤ መንገደኛውን ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው በሚያደርሰው የመሬት ውስጥ ባቡር በየቀኑ ትመላለሳለች። «ቁጡ ነው እንጂ ጎበዝ ነው። ሰው በሩን ሲይዝበት በማይክ ይቆጣል። ሁሌ ያው ሰውዬ ነው። ዕረፍት እንኳ የሚሰጡት አይመስለኝም።»

ኤርሚ አየኝ፤ አየሁት። ድምፁ የተቀዳ ነው። ያ ባቡር ሹፌር ኖሮት አያውቅም። ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠኝ።

«ልክ ነሽ» አላት በጣም በትሕትና። «እንግዲያው ነገ ሥራ ስትገቢ ፊተኛው ፉርጎ ሂጂና ሹፌሩን ሰላም በይልኝ። ኤርምያስ አክብሮሃል በይው።»

«ሥራ ላይ ያለ ሰው አልረብሽም!»

«ለእኔ ስትዪ።»

«እሺ፣ ለአንተ ስል።» ክዳኑን መልሳ ከፈተች።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ የዴንቨር ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ሊወስደን ነበር። ሊዮንም ሁለት ወንዞቿ እንደዚያ ይገናኛሉ፤ የትምህርቱ መጨረሻ እሱ ነበር። ግን ነፋስ ተነሣ፣ ደመናው ከተራራው ወረደ፣ እናቴም ደከማት። «ለሚመጣው እሁድ» አለ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እናቴ ትከሻ ላይ አፉን ከፍቶ ተኛ። መስታወቱ እንዳይመታው እስከ ቤት ድረስ ጭንቅላቱን በእጇ ይዛው መጣች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ኤርሚ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ መኪናው ተንሸራተተች። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እናቴ ያን ቀን ከሥራ የገባችው እየሳቀች ነበር። ባጇን ሳታወልቅ «ኤርሚ አልመጣም? የምነግረው አለኝ» አለችኝ። ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ለእሱ ነው የምነግረው» አለች። ትንሽ ቆይቶ የንስሐ አባታችንና ጎረቤቶቻችን በሩን አንኳኩ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።

ከለቅሶው መሐል፣ ሴቶቹ ከበዋት ሳለ፣ በእጇ ጠራችኝ። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«ሹፌር የለውም» አለችኝ። «ሄጄ አየሁ። መስታወት ብቻ ነው። ልነግረው ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ቤታችን በሰው ሞልቶ ነበር። ወንዶቹ ወንበር ያስገባሉ፣ ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ። የኤርሚን የእሁድ ኮት ከመስቀያው አውርጄ ለበስኩና ወጣሁ። አሥራ አምስት ቁጥር ሲመጣ ያቺው ሹፌር ነበረች። «ቦንዡር! ማማስ?» አለችኝ። «ቤት ናት» አልኳት። አልፌያት ከኋላ ተቀመጥኩ።

ፓርክ ሂል ስደርስ ወረድኩ። መውረድ አያስፈልገኝም ነበር። ግን ትምህርቱ እንደዚያ ነው። ቆሜ ሌላኛውን ጠበቅሁ። ኮሎራዶ ቡሌቫርድ ላይ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። መሐል ከተማ ስደርስ ወርጄ በእግሬ ወንዞቹ ወደሚገናኙበት ሄድኩ።

በረዶው እየቀለጠ ስለነበር ውኃው ይጮኻል። ሁለቱ ወንዞች ቀለማቸው ይለያይ ነበር፤ ትንሽ ጎን ለጎን ሄደው ይቀላቀላሉ። እጄን ኮቱ ኪስ ብከት ኤርሚ እሁድ አውቶቡስ ውስጥ ሲበላው የነበረውን ቆሎ አገኘሁ። አንድ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ከዚያ ድምፄን አውጥቼ «ኤርሚ፣ እማዬ ሹፌሩን አጣችው። ሄዳ አይታዋለች» አልኩ። ቆሎውን እዚያው ቆሜ በላሁት። ከዚያ ወደ ለቅሶው ተመለስኩ።

እናቴ ያን ዓመት አልሄደችም። የሚቀጥለውንም አልሄደችም። ጥቁሩን ካወለቀች በኋላም ስለ ሊዮን አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። በዚህ ክረምት ግን ራት እየበላን «ትኬት ቁረጥልኝ፤ ልጄ የደከመበት መንገድ ነው» አለችኝ። ረስታው ይሆናል ብዬ መንገዱን ላስጠናት ስል በቃሏ ወረደችው። «ሰማያዊውን ይዤ ፓርክ ሂል እወርዳለሁ» አለች። የጣቢያው ስም ሌላ ነው። አላረምኳትም።

አሁን ስልኩ ጮኸ።

«የት ነሽ?» አልኳት።

«ፓርክ ሂልን አልፌያለሁ። አረንጓዴው ላይ ነኝ። የመጀመሪያው ወንዝ አሁን አለፈ መሰለኝ።»

«ተቀመጥሽ?»

«ፊት ላይ ቆሜያለሁ። ከልጆች ጋር መስታወቱን እየተሻማን ነው።»

«ፈራሽ?»

የባቡሩ ድምፅ ይሰማል።

«ሰላም አልኩት» አለችኝ። «ኤርምያስ አክብሮሃል አልኩት።»

ከኋላዋ የተቀዳ ድምፅ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ተናገረ።

«ይኼኛው ደግሞ ጨዋ ነው» አለች እናቴ። «አይቆጣም።»

ስልኩ ተቋረጠ። ሁለተኛው ወንዝ ሥር ገብታ ይሆናል። አልደነገጥኩም። ከዚያ በኋላ ያለውን ጣቢያ አውቀዋለሁ።