ለዳማው ፈረስ ሰማያዊ ቴፕ

ጎህ ሲቀድ፣ ሐሙሲት

ሚኒባሱ ሳይሞላ ደረስኩና ከሾፌሩ ጎን ያለችውን ወንበር ያዝኩ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ብሩሽ፣ መቀስና ሁለት ጥቅል ሰማያዊ ኪኔሲዮ ቴፕ አለ። የሚለጠጥ፣ ገላ ላይ የሚጣበቅ ጨርቅ ነው፤ የተወጠረ ጡንቻን ያፍታታል፣ ሕመም ያቀላል። ሕክምናን ያግዛል እንጂ አይተካም። እኔ ስለጥፈው ግን ይሠራል፤ ይህን ስል አላፍርም።

ሾፌሩ ጥቅሉን አየና፣ "ይሄ ኳስ ተጫዋቾች የሚለጥፉት አይደል?" አለኝ።

"እሱው ነው። ለፈረስ ነው የያዝኩት።"

"ለየትኛው ክለብ ነው የሚጫወተው?"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን አደርጋለሁ!

ረፋድ፣ ደብረ ታቦር

ከወረታ በኋላ የፎገራ ሜዳ አለቀና ሽቅብ ጀመርን። ባሕር ዛፍ፣ ጠመዝማዛ፣ ደግሞ ባሕር ዛፍ። ደብረ ታቦር ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ድንች ወጥ በላሁና ወደ ገሳይ የሚሄደውን መኪና ስጠብቅ አያ ይርጋ ደወሉ።

እሳቸው ከገሳይ በላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ የምሄደውም ወደ እሳቸው ነው። ዳማ ፈረሳቸው ጭቃ ላይ አዳልጦት ጀርባው ስለተጎዳ፣ ያኔ መድኃኒት ሰጥቼ እረፍት አዝዤለት ነበር። አሁን የቸገራቸው ሌላ ነው። ያሳደገቻቸው ታላቅ እህታቸው፣ እትዬ ስንዱ፣ ከሸለቆው ማዶ ታመዋል። መኪና እዚያ አይገባም። የአያ ይርጋ አንድ ጉልበት ደግሞ ከደረቀ ቆይቷል፤ እግራቸው ፈረሱ ነው።

"ድረሽልኝ ልጄ፤ ሳላያት እንዳታመልጠኝ" አሉኝ።

"መጣሁ። ዛሬ ያዩዋቸዋል" አልኳቸው። ፈረሱን ሳላይ ቃል ገባሁ።

እኩለ ቀን፣ ከገሳይ በላይ

ዳማው ደጅ ታስሮ ያብረቀርቃል። እንዴት አድርገው ቢይዙት ነው ብዬ ተደነቅሁ። እጄን ጀርባው ላይ ሳሳርፍ ግን ሙልጭ አለ።

"ቅቤ ነው?"

"በቅቤ አሸሁት እንጂ! ለሕመሙ ይበጀዋል፤ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ብዬ።"

"አያ ይርጋ፣ በዚህ ላይ እንኳን ቴፕ ዝንብም ብታርፍ ያዳልጣታል!"

ፊታቸው ሲጨልም አየሁና ቁጣዬን ዋጥኩት። ሞቅ ባለ ውኃና በሳሙና አጠብነው፤ ደግመን አጠብነው። በጆንያ አሽተን ፀሐይ ላይ አቆምነው። የጉና ተራራ ነፋስ ለዛሬ ረዳን።

ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። ጠጉሩን ቦረሽኩ፤ የቴፑን ጫፎች እንዳይነቀሉ በመቀስ ክብ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ጡንቻውን ተከትዬ ለጠፍኩና እስኪሞቅ በመዳፌ አሸሁት። ዳማው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ሲራመድ እርምጃው ተፈታ። አላልኩም?

አያ ይርጋ ኮርቻቸውን ተሸክመው ብቅ አሉ።

"አይጫንም" አልኳቸው።

"ደህና አደረግሽው አይደለም እንዴ?"

"ሕመሙ ቀለለው እንጂ ጀርባው ገና አልዳነም። ዛሬ እርስዎን ከተሸከመ ከነጭራሹ ይበላሻል። ባዶውን መራመድ ግን ይጠቅመዋል።"

ኮርቻውን ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። እሺ ብላቸው ይመርቁኝ ነበር፤ ቃልም ገብቼላቸው ነበር። እምቢ ማለት እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። የመንደሩ በቅሎ ሁሉ ገበያ ወርዷል። ጎረቤቶች በቃሬዛ ይውሰዱዎት ስላቸው፣ "በቃሬዛ ደርሼ እሷው ልታስታምመኝ?" አሉና ሱሪያቸውን ሰበሰቡ።

"ለእኔም ለጥፊልኝ።"

"እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፣ አያ ይርጋ።"

"እኔስ ዛሬ ከከብት በምን እሻላለሁ?"

ቴፑ መጀመሪያም ለሰው የተሠራ ነው፤ አለጣጠፉንም ተምሬዋለሁ። ጉልበታቸውን ዳሰስኩት፤ እብጠትም ቁስልም የለውም። እንደማያድናቸው፣ ምናልባት ትንሽ ቢያግዛቸው እንደሆነ ነገርኳቸውና ለጠፍኩላቸው።

ሲመሽ፣ ከሸለቆው ማዶ

አያ ይርጋ ክንዳቸውን ዳማው አንገት ላይ ጥለው ወረዱ፤ እኔ ከፊት ድንጋይ እያነሳሁ። ገብስ ማሳው ዳር እየተቀመጡ፣ ወንዙን በእኔ ትከሻ እየተሻገሩ፣ ዳገቱን ከዳማው ጋር እኩል እያለከለኩ ወጡት። "እንመለስ" አልኳቸው አንዴ። እሳቸው ግን ቀጣዩን እርምጃ ተራመዱ።

እትዬ ስንዱ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። የምታስታምማቸው ጎረቤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከትናንት ወዲህ ቃል አልወጣቸውም አለችን። አያ ይርጋ አጠገባቸው ተቀመጡና እጃቸውን ያዙ። እትዬ ስንዱ ግን አልነቁም። ዘግይተናል ብዬ ፈራሁ።

እትዬ ስንዱ ዓይናቸውን ገለጡ። እስከ ጉልበት የተሰበሰበውን ጭቃ የለበሰ ሱሪ አዩ፤ በበሩ አንገቱን ያስገባውን ዳማ አዩ።

"አንተ! ፈረስ እያለህ በእግርህ? ያንን ሁሉ ገደል? ከልጅነትህ ጀምሮ ምክር አይገባህ! ጉልበትህ ላይ የጠመጠምከውስ ምንድን ነው?"

ድምፃቸው ሰልሎ ጀምሮ እየበረታ ሄደ። አያ ይርጋ እንባቸው እየወረደ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሰማሽ? እሷው ናት። እሷው ናት እኮ!"

ከዚያ ወደ እህታቸው ጠጋ አሉ።

"ተቆጪኝ፣ እታለም" አሏቸው። "ተቆጪኝ።"