የእማሆይ አጸደ ግድግዳ

ዓይን ማለት በሰውም በእንስሳም ፊት ላይ፣ ከአፍንጫ ግራና ቀኝ የሚገኝ፣ ብርሃን ሲኖር የሚያይ፣ ሲደክመው የሚከደን የአካል ክፍል ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጅ ሳለሁ ግን፣ ከመሐል ሜዳ ግማሽ ቀን በሚያስኬደው የመንዝ መንደራችን፣ ዓይን ሌላም ሥራ ነበረው፤ ሰው መሞቱን ያስታውቅ ነበር።

ይህን ሥራ የሰጡት እማሆይ አጸደ ናቸው። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። የአባትየው እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ልጅቱ ቤት ተቀምጣ አቡጀዲ ላይ ትስላለች፣ እሳቸው ወስደው መቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ካህናቱም «የአለቃ እጅ በእርጅናቸው በረታ» እያሉ ይደነቁ ነበር ይባላል፤ አንድም የጠየቀ አልነበረም። እማሆይ አባታቸውን ቀብረው፣ ባል አግብተው፣ ባላቸውንም ቀብረው ከመነኮሱ በኋላ የመንደሩን ልጅ ፊደል ማስቆጠርና ሥዕል ማስተማር ጀመሩ። አባቴን አስተማሩ፤ ወልዶ ሲያመጣኝም እኔን ተቀበሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፊደሉ ያበቃና ተረቱ ይጀመር ነበር። ያኔ አገራችን እንጨት ስለሌለው የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበት ደግሞ ነበልባሉ ጥቂት፣ ጭሱ ብዙ ነው። እማሆይ በማሾው ብርሃን ጥቀርሻ በጥብጠው፣ ከበግ ፀጉር በታሰረች ብሩሻቸው የሚተርኩትን ሁሉ ኖራ የተቀባው ግድግዳ ላይ እየሳሉ ይተርኩልን ነበር፤ ተረቱ ሲያልቅ በእርጥብ ጨርቅ ያጠፉታል። የማልረሳው የጅቡን ነው። አንድ ችኩል ሰዓሊ ጅብ ሲስል፣ እግሩን ሳይጨርስ ዓይኑን ሳለለት። ጅቡም የበጎቹን በረት አየና ሊነሣ ቢል እግር የለውም፤ ከዚያች ማታ ጀምሮ ግድግዳው ውስጥ ሆኖ ይጮኽ ጀመር።

«እስከ መቼ?» አልኩ።

«ሰዓሊው እስኪያብድ ድረስ፣» አሉ እማሆይ ብሩሻቸውን እያጠቡ። «ስለዚህ ዓይን መጨረሻ ነው። ሳይደርስ ያየ ለማንም አይበጅም።»

ጣሊያን መጥቶ በአካባቢያችን ምሽግ ሲሠራ፣ ብዙ ወንዶች ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ቆላው ወረዱ፤ አባቴም ከነሱ ጋር ወረደ። እማሆይ ያኔ የማይጠፋ ሥዕል ጀመሩ። ካስተማሯቸው ልጆች መካከል ለውጊያ የሄደውን ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ቢሰለፍ፣ ፊቱን ከምድጃው በላይ ሳሉ፤ ለማንም ግን ዓይን አልሠሩለትም። መርዶ ሲመጣ ብቻ ብሩሻቸውን ያነሡና የዚያን ሰው ዓይን ይከፍታሉ። «በሕይወት ያለ ገና ምን አይቶ፣» ይሉ ነበር፤ «ሁሉን የሚያየው የሞተው ነው።»

እኔ በየቀኑ ስገባ መጀመሪያ የማየው አባቴን ነበር። በዓይኑ ቦታ ባዶ ኖራ ካየሁ ፊደሌን እቆጥራለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ግድግዳው ጥጃ አይደለም፤ አትጠብቂው፣» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ምሽት፣ እኔ እዚያው ሳለሁ፣ ሽፈራው የሚባል የባንዳ አለቃ መጣ። የመንደራችን ልጅ ነው፤ እሱም ፊደል የቆጠረው እማሆይ ዘንድ ነበር። አብሮት አገራችንን የማያውቅ፣ ከሩቅ የመጣ ወታደር አለ። ወታደሩ በእሳቱ ጭላንጭል ግድግዳውን ሲያይ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ያስተማርኳቸው ልጆች።»

«ሽፍቶቹ ናቸው! የት ናቸው አሁን?»

«እኔ መነኩሲት ነኝ፣ ልጄ። እረኛቸው አይደለሁም።»

ወታደሩ ወደ ጓሳ ሣሩ ክዳን አንጋጠጠና ይህም ቤት፣ ግድግዳው ላይ የተሳሉት ሰዎች ቤትም እንደሚቃጠል ተናገረ። ሽፈራው ፊቶቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«እማሆይ፣ ዓይናቸውን ይክፈቱ፣» አላቸው።

«የምትለውን ታውቃለህ?»

«እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ።»

እማሆይ በሕይወታቸው የውሸት ዓይን ሠርተው አያውቁም ነበር። ተነሡ፣ ጥቀርሻውን በጠበጡ። እያንዳንዱን ፊት ሲከፍቱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። አባቴ ጋ ሲደርሱ ፊቴን መሸፈን ፈለግሁ፤ አልሸፈንኩም። ግራው ዓይኑ አየኝ፤ ቀጥሎ ቀኙ።

«እዚህ አገር ዓይን የተሳለለት ሞቷል፤ የነዚህንም መርዶ አሁን ነገርኳቸው፣» አለ ሽፈራው ለወታደሩ። «ሂድና ሁሉም ሞተዋል ብለህ ተናገር። ካላመንክ ነገ ለቅሷቸውን ትሰማለህ።»

«ይኸኛውስ?» አለ ወታደሩ፣ ጥግ ላይ ወደቀረው ዓይን አልባ ፊት እያመለከተ።

«እሱማ ይኸው አጠገብህ የቆመው ነው፣» አሉ እማሆይ፣ ብሩሻቸውን እንደያዙ። «እሱንም ልክፈተው፣ ሽፈራው?»

ወታደሩ ሳቀ። ሽፈራው አልሳቀም። «የኔን ይተዉት፣» አለና ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር ወደ ኋላው እየረገጠ ወጣ።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁና «አባባ ዓይኑ ተከፈተ!» አልኳት እናቴን። የሆነውን ሁሉ እስክነግራት አልጠበቀችም፤ እሪ አለች፣ ጎረቤት ተከተለ። ነገሩን አስረድቼ ስጨርስ ቤቱ በለቅሶኛ ሞልቶ ነበር፤ የወጣ እሪታ ደግሞ ተመልሶ አይዋጥም። በማግስቱ ወታደሩ ሊያጣራ ሲመጣ፣ እናቴን ፀጉሯን ተላጭታ ማቅ ለብሳ አገኛት። ከዚያ በኋላ ደጃችንን የረገጠ ፈላጊ የለም።

ማስመሰሉ ግን አንዴ ከተጀመረ የሚቆምበት ቦታ አልነበረውም። ፍትሐት ይደረግ ሲባል ቄሱ ተጨነቁ።

«ሰውየው ካልሞተ ጸሎቱ የት ይሄዳል?»

«ይጠብቀዋል፣» አለች እናቴ።

ተዝካርም አወጣን። ጎረቤት የገብሱን ጠላ እየጠጣ የአባቴን ደግነት አወራ፤ ከመካከላችን የትኛው እያስመሰለ፣ የትኛው ከልቡ እንደሚያለቅስ እኔም ልለይ አልቻልኩም። እናቴ ማታ ማታ ስታነባ ሰሚ አልነበራትም፤ ታዲያ ለማን ነበር የምታነባው?

ትምህርቱ ቀጠለ፤ እኛ ልጆቹ ግን ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን መቀመጥ አቆምን። እሳቱ ሲወዛወዝ ዓይኖቹም ይወዛወዛሉ። ማሾው ሊጠፋ ሲል ፊቱ ይሰወርና ዓይን ብቻ ይቀራል። ከዚያም እውነተኛው መርዶ ይመጣ ጀመር። የአንዱ መሞት በተሰማ ማታ እማሆይ እንደ ልማዳቸው ብሩሻቸውን ነክረው ወደ ግድግዳው ሄዱ፤ ሰውየው ቀድሞ እያያቸው ነበር። ጥቀርሻው ከብሩሹ ጫፍ መሬት ላይ እየተንጠባጠበ ቆመው ቀሩ። እንዲህ ያለው ነገር ተደጋገመ። እኔም አባቴ ይኑር አይኑር የምጠይቀው አጣሁ፤ ያ ግድግዳ ከዚያ ወዲያ ለማንም የሚነግረው አልነበረውም።

አባቴ ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን መጣ። ጢሙ ደረቱን ሸፍኖ በራፍ ላይ ሲቆም፣ እናቴ «በስመ አብ» ብላ መንፈስ እንዳይሆን እግሩን አየች፤ እኔ ዓይኑን። ተዝካሩን የበላው ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቀው መጣና ምን እንደሚባል ጨንቆት ተቀመጠ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «ጠላህ ጥሩ ነበር፣» አሉት።

እማሆይ ዘንድ ሄዶ ራሱን ሲያይ፣ «አፍንጫዬ እንዲህ ነው?» አለ። ቀጥሎ ፊቱን እንዲያጠፉለት ለመናቸው።

«የተከፈተ ዓይን አልዘጋም፣» አሉት። «ምን አስቸኮለህ? መሞትህ አይቀር፣ ትደርስበታለህ።»

ከዚያ ወዲያ አባቴ ያን ቤት አልረገጠም። የሽፈራው ወሬም ሳይሰማ ቀረ፤ ፊቱ ጥግ ላይ ባዶ እንደሆነ ኖረ። ያን ቀን ዓይን ያስከፈተው ሰዎቹን ሊያድን ይሁን ወይም በወታደሩ ፊት አዋቂነቱን ሊያሳይ፣ እማሆይን ብዙ ጊዜ ጠይቄአቸዋለሁ። «ሲማር ጎበዝ ነበር፣» ከማለት አላለፉም። እኔም አድጌ አስተማሪ ሆንኩ፤ እስከ ዛሬ ልጆች ሰው ሲስሉ ከዓይን ከጀመሩ እጃቸውን እይዛለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነግራቸውም።

እማሆይ አጸደ ማሾውን ለይተው ማየት እስኪሳናቸው ድረስ አስተማሩ፤ አርጅተውም በአልጋቸው ላይ አረፉ። መቃብራቸውን ከቆፈሩት ሰዎች አንዱ አባቴ ነበር።