ማሽኑን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የመለስኩበት ሳምንት

ዘመናትን በጥበቡ የሚያፈራርቅ፣ ለእርሱ ግን ጥንትም ፍጻሜም የሌለው እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህን የምጽፈው ባለፈው የካቲት፣ ደሴ ሆጤ በሚገኘው ቤታችን፣ ልጄ ስለሠራችው ሥራና እኔ ስላጠፋሁት ጥፋት ነው።

ልጄ በኮምቦልቻ የውኃ ምሕንድስና ትማራለች። የመመረቂያ ጥናቷ ቦርከና ነው፤ ዝናብ ሲበረታ ወንዙ ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ እስከ የት እንደሚተኛ አስቀድሞ በስሌት ማሳየት። ስሌቱን የሚሠራው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ተሠርቶ ያለቀው ቅጂ ግን በአሮጌው ኮምፒውተራችን ላይ እምቢ አለ። ስለዚህ ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ባለሙያዎች የጻፉትን ዋናውን ጽሑፍ አምጥታ፣ እዚያው ማሽኑ ላይ ኮምፓይል ልታደርገው፣ ወደሚሠራ ፕሮግራም ልትለውጠው ቆረጠች። ስታስረዳኝ ወዲያው ገባኝ፤ የተጻፈ መጽሐፍ ከመግዛት ይልቅ ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ ለራስ እንደ መጻፍ ያለ ነው። መምህሮቿ ቀን ቆርጠውላት ነበር። እስከ ዓርብ ፕሮግራሙን ሲሠራ ካላሳየች ርእሷን ትቀይራለች፤ የዓመት ድካሟም ይቀራል።

ኮምፒውተሩ አንድ ጠባይ አለው። የውስጥ ባትሪው ስለሞተ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ዘመኑን ይረሳና ሲበራ ቀኑንና ሰዓቱን ሙሉልኝ ይላል። ልጄ ስትሞላ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ማክሰኞ እርሷ ሶርስ ኮዱን በፍላሽ ልታመጣ ኮምቦልቻ እንደወረደች መብራት ሄዶ መጣ። ደክሟት ስትመለስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ብዬ እኔው አበራሁትና ሞላሁለት። ባሕረ ሐሳብ ተምሬ ያስተማርኩ ሰው ቀን ለመሙላት ማንን እጠይቃለሁ? ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ ተጠንቅቄ ጻፍኩ። ማሽኑም ዝም ብሎ ተቀበለኝ።

ረቡዕ ሥራው ገና ከጅምሩ ቆመ። ልጄ ቅጂው ተበላሽቷል ብላ ዳግመኛ ወርዳ ሌላ አመጣች። ሐሙስም ያው ሆነ። ከሰዓት በኋላ እጇን አጣጥፋ ማሽኑ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት።

«ቅጂው አይረባም፣ አባዬ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

በጉባኤ ቤት ንባብ እምቢ ሲል መጽሐፉ አይከሰስም። ተማሪው የተሰናከለበትን ቃል በመምህሩ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ መጨረሻው ይደግመዋል፤ ዓይን የዘለለውን ጆሮ ይይዘዋልና።

«ማሽኑ ያለውን ሳታስቀሪ አንብቢልኝ» አልኋት፤ «በአማርኛ እየፈታሽ።»

«‹አሁን የተፈጠረው ፋይል አብሮ ከመጣው ፋይል ይልቅ አሮጌ ነው› ይላል። እብደት እኮ ነው!»

«ዛሬ የተወለደ ልጅ አባቱን በዕድሜ በለጠው ነው የሚለው? ቀጥሎስ?»

«‹የማሽኑን ሰዓት ተመልከት› ይላል። እሱንማ አይቼዋለሁ። ይኸው፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፤ የግድግዳውም…»

የግድግዳውን ሰዓት ዳግመኛ አየች። እርሷ ለማሽኑ ሁልጊዜ የምትሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ በዚያ ከሆነ ከግድግዳችን ሰዓት ጋር ሊገጥም አይገባውም። ቀኑን ከፍታ ስታይ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል፤ ለካ አዲሱን ፋይል አሮጌ ያደረገው ይህ ነው። ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ ይህን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኝ። አንዲት ቁጥር አልተሳሳትኩም።»

«በእኛ አቆጣጠር?»

«በማን ልሞላው ኖሯል?»

ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን፣ አያቱ ከየመን የመጡለት የረጅም ዘመን ወዳጄ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲሰማን ኖሮ ሳቁን ለቀቀው።

«ወላሂ የኔታ! የእርስዎ ጾም አልበቃ ብሎ ማሽኑንም ስምንት ዓመት ነፍገው አስጾሙት?»

«አንተ ብትሞላውስ?»

«እኔማ በሂጅራ ሞልቼ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ እመልሰው ነበር። ልጅቱም ጥናቷን በብራና ታቀርብ ነበር!»

ልጄ ከማክሰኞ ወዲህ ገና ያን ጊዜ ሳቀች። እኔ ሁለት ቀን በከንቱ ያደከምኳት፣ ኮምቦልቻም ዳግመኛ ያስወረድኳት ሰው፣ ወቀሳ ጠብቄ ነበር። እርሷ ግን ቀኑን አቃንታ፣ «ቅጂዎቹን በሐሰት ከሰስኳቸው» ብላ ሥራዋን ጀመረች።

ጽሑፉ በማሽኑ መስኮት ላይ መውረድ ጀመረ፤ መስመር በመስመር ላይ፣ ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት። ሁለት ጊዜ ቆመ። ሁለቱንም ጊዜ ልጄ እስከ መጨረሻው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ የጎደለውን ረዳት ፕሮግራም ራሷ አስቀድማ ሠርታ፣ ወደ ዋናው ተመለሰች። መብራት እንዳይሄድ እኔ በልቤ ዳዊት እደግማለሁ፤ የጎረቤቴም ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ፀሐይ ሳትገባ ተፈጸመ። ቦርከናም በሰማያዊ ቀለም፣ ከነመታጠፊያው፣ በመስኮቱ ላይ ተዘረጋ።

ዓርብ ጠዋት ማሽኑን በጋቢ ጠቅልለን፣ በሚኒባስ ጭኜ ላይ አድርጌው ወረድን። በመምህሮቿ ፊት ሲበራ እንደ ልማዱ ዘመኑን ረስቶ ጠየቀ። ልጄ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበችው።

«አባቴ የዘመን ቆጠራ መምህር ናቸው፤ እሳቸው ይሞሉታል» አለቻቸው።

ዓመቱን ስምንት ጨምሬ፣ ወሩንና ቀኑን በልቤ አስልቼ፣ ሰዓቱን በስድስት አዛውሬ ሞላሁት። እርሷ ከግድግዳቸው የቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያይታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ ወንዙንም አስነሣችው። መምህሮቿ ብዙ ጠየቋት፤ ለሁሉም መለሰች። ርእሷ ጸናላት። ብዙ ደቀ መዛሙርት መምህር ሆነው በወንበር ሲቀመጡ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደረቴ ሰፍቶ አያውቅም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ዘመናችሁ የቀና፣ ቤታችሁ ከጎርፍና ከጨለማ የተጠበቀ ይሁን። ልጆቻችሁ ስሕተታችሁን በፍቅር የሚያቀኑ፣ በሸንጎም ወንበር የሚስቡላችሁ ይሁኑ። አሜን።